አንጀት አንጀት ውስጥ ሲገባ፦ ለአዋቂ ሰው የትኛው ምርመራ፣ የትኛው ኦፕራሲዮን?

ሐኪሙ ወጥቶ «አንጀቱ አንጀት ውስጥ ገብቷል፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል» ሲል ከቤተሰብ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ያለ ኦፕራሲዮን አይለቅለትም?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። የጎረቤት ሕፃን በዚሁ ሕመም ሆስፒታል ገብቶ፣ ሆዱ ሳይከፈት ድኖ ሲመለስ ያየ ሰው ይህን ባይጠይቅ ነው የሚገርመው። ግን ሕፃን ላይ የሚሠራው ዘዴ ለአዋቂ አይሆንም። ለምን እንደማይሆን ቀድሞ የገባው ሰው ከዚያ በኋላ የሚመጡት ምርጫዎች ይቀሉለታል።

ሐኪሞች ኢንተሰሰፕሽን በሚሉት በዚህ ሕመም አንዱ የአንጀት ክፍል ቀጥሎ ባለው ክፍል ውስጥ ይገባል፤ የሹራብ እጅጌ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ እንደሚሆነው ማለት ነው። ብቻውን ግን አይገባም። ደም የሚያመላልስለትን ስስ ሽፋን አብሮ ይዞ ነው የሚገባው። እዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ መጀመሪያ ደም መልሱ ይታነቃል፣ አንጀቱ ያብጣል፣ እብጠቱ ደም ቅዳውንም ይጫነዋል፣ ካልተደረሰለት ያ ክፍል ይሞታል፣ ከሞተም ይበሳል። ምግብና አየር ስለማያልፍ ደግሞ ከበላይ ያለው አንጀት ይነፋል።

ሕፃናት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው የሚባል ምክንያት አይገኝም። ስለዚህ በፊንጢጣ በኩል አየር ወይም ፈሳሽ በልክ ተገፍቶ ይመለሳል፣ በዚያው ያልቃል። አዋቂዎች ከጠቅላላው ታማሚ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው፤ ከ10 አዋቂ ግን ወደ 9ኙ ላይ አንጀቱን የጎተተው ነገር ይገኛል። ፖሊፕ፣ ማለትም ከአንጀቱ ውስጠኛ ሽፋን የበቀለ ሥጋ፣ ሊሆን ይችላል። ሊፖማ የሚባለው የስብ እብጠት፣ ከድሮ ኦፕራሲዮን የቀረ ጠባሳ፣ በአንጀት ቲቢ ያበጠ ዕጢ፣ ከውልደት ጀምሮ ያለ ትርፍ ኪስ፣ ወይም ካንሰር ሊሆን ይችላል። አንጀት ያንን እብጠት ምግብ መስሎት ወደፊት ይነዳዋል፣ እብጠቱ የበቀለበትም ግድግዳ ተከትሎ ይገባል።

ስለዚህ እኔ ለማንም ቤተሰብ የምለው አንድ ነገር ነው። ከፊታችሁ የሚቀርበውን ምርጫ ሁሉ «የጎተተው ምንድን ነው?» በሚለው ጥያቄ መዝኑት። ምርመራውም፣ ኦፕራሲዮኑም፣ ከዚያ በኋላ ያለውም ክትትል የሚለካው ለዚህ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው።

«ጨጓራ ነው» ተብሎ የሚያልፈው ጊዜ

አዋቂ ላይ ሕመሙ ብዙ ጊዜ በአንድ ሌሊት አይመጣም። ቁርጠቱ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት። በዚህ መሃል ሰውየው ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ይወስዳል፣ ከዚያ አሜባ ነው ይባላል፣ ከዚያ ታይፎይድ። በመማሪያ መጻሕፍት ላይ ያሉት ሦስቱ ምልክቶች፣ ማለትም ቁርጠት፣ ሆድ ውስጥ የሚዳሰስ እብጠትና ደም የተቀላቀለ ንፍጥ የመሰለ ሰገራ፣ አዋቂ ላይ አንድ ላይ የሚገኙት አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ሦስቱ እስኪሟሉ የሚጠብቅ ሰው ይዘገያል። እየተመላለሰ የሚመጣ ቁርጠት ከትውከት ጋር ከሆነ፣ ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ የጨጓራ መድኃኒት መቀያየሩን ትታችሁ የሆድ ምስል አስነሱ። ፈስና ሰገራ ቆሞ ሆድ ከተነፋማ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። በዚህ ሰዓት የሚያስቀምጥ መድኃኒት፣ ኮሶም ይሁን የፋርማሲ ክኒን፣ በፍጹም አይሰጥም። የተዘጋ አንጀትን ከላይ መግፋት መብሳት ነው።

ራጅ፣ አልትራሳውንድ፣ ሲቲ፣ ኮሎኖስኮፒ

ራጅ በየቦታው ይገኛል፣ ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው። አንጀት መዘጋቱን ያሳያል፤ ከተበሳም ከድያፍራም ሥር የወጣ አየር ሊያሳይ ይችላል። ለምን እንደተዘጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይናገርም። አገራችን ላይ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የትልቁ አንጀት መጠምዘዝ፣ የሲግሞይድ ቮልቩለስ የሚባለው፣ እኛ ዘንድ የተለመደ የአንጀት መዘጋት ምክንያት ስለሆነ ራጁ ብዙ ጊዜ እሱን ለይቶ ያወጣዋል። መለየቱ ይጠቅማል ምክንያቱም የተጠመዘዘው አንጀት ገና ካልሞተ በፊንጢጣ ቱቦ ገብቶ ለጊዜው ሊፈታ ይችላል። የዛሬው ጉዳያችን እንዲህ አይፈታም። «የእገሌ በቱቦ ተለቀቀ» የሚል ወሬ ስትሰሙ ሁለቱ የተለያዩ ሕመሞች መሆናቸውን አስታውሱ።

አልትራሳውንድ ጨረር የለውም፤ ለነፍሰ ጡርም ይሆናል። ባለሙያው ካወቀበት በገባው አንጀት ላይ ቀለበት በቀለበት ውስጥ ያያል፣ ያ ምልክት ሕመሙን ይናገራል። ችግሩ አየር ነው። የተነፋ ሆድ ውስጥ ያለው አየር ድምፁን ይመልሰዋል፣ ከበስተኋላው ያለው አይታይም። ስለዚህ አልትራሳውንድ «አለ» ካለ እመኑት፣ «የለም» ካለና ቁርጠቱ ካልተወ ግን በዚያ አትቁሙ።

እኔ ለአዋቂ የምመርጠው ሲቲ ስካን ነው፣ ሰውየው መጠበቅ የሚችል ከሆነ። በጥናቶች የተመዘገበው የለይቶ ማወቅ አቅሙ ከ58 እስከ 100 በመቶ ይደርሳል፤ ሰፊ ልዩነት ነው፣ የማሽኑና የአንባቢው ብቃት ይወስነዋል። ቢሆንም ሌሎቹ የማይመልሱትን ይመልሳል። የገባው ትንሹ አንጀት ነው ወይስ ትልቁ? ጫፉ ላይ እብጠት አለ? እብጠቱ ስብ ከሆነ ሲቲ ላይ የስብ ጥቁረት ስላለው ሊፖማ መሆኑ ከኦፕራሲዮን በፊት ሊታወቅ ይችላል፣ ይሄ ደግሞ የሚቆረጠውን አንጀት መጠን ይቀይራል። ጉበት ላይ የተበተነ ነገር አለ? ደም እየደረሰው ነው? ይህ ሁሉ በአንድ ምርመራ ይገኛል። በደም ሥር ቀለም ስለሚሰጥ ኩላሊት በቅድሚያ መታየት አለበት። አንድ ምክር ልጨምር፤ ውጭ ካስነሳችሁ የተጻፈውን ውጤት ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ሲዲውንም ተቀበሉ። ሰርጀኑ ምስሉን በዓይኑ ማየት ይፈልጋል።

ኮሎኖስኮፒ፣ በፊንጢጣ የሚገባው ባለ ካሜራ ቱቦ፣ ቦታው የተወሰነ ነው። የገባው ትልቁ አንጀት ከሆነና ሰውየው ካልተጣደፈ ውስጡን አይቶ ናሙና መውሰድ ይቻላል። ሙሉ በሙሉ ለተዘጋ አንጀት ግን ለምርመራው የሚጠጣው ማጽጃ ራሱ አደጋ ነው። ናሙናው «ካንሰር አልተገኘም» ቢልም ልብ አይጣልበት፤ እብጠቱ ከውስጠኛው ሽፋን በታች ከሆነ መቆንጠጫው ላይደርስበት ይችላል። በዚያው መሣሪያ እብጠቱን ቆርጦ ማውጣትም ደም ያጠረው ግድግዳ ላይ ከተሞከረ አንጀቱን ሊበሳው ይችላል።

እዚሁ ይከፈት ወይስ ሪፈር?

ከአዲስ አበባና ከትልልቆቹ ከተሞች ውጭ ላለ ቤተሰብ ከባዱ ምርጫ ይሄ ነው። ወረዳው ላይ ያለው ሆስፒታል ራጅና አልትራሳውንድ አለው፣ ሲቲ የለውም። ሲቲ ያለበት ከተማ ብዙ ሰዓት ያስኬዳል። ለቤተሰብ የሚቀናው «ትልቅ ቦታ እንውሰደው» ማለት ነው፣ ፍቅር ነው እንዲህ የሚያሰኘው። ግን ሁልጊዜ ትክክል አይደለም።

የሚወስነው አንጀቱ እየሞተ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። ይመጣ ይሄድ የነበረው ቁርጠት አሁን ሳያቋርጥ የሚያም ከሆነ፣ ትኩሳት ካለ፣ ልብ በፍጥነት ከመታ፣ ሆድ እንደ እንጨት ደርቆ ሲነካ ካስጮኸ፣ ለምስል ብሎ መንገድ መውጣት ሰውየውን በመኪና ላይ ማጣት ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ያሉት የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች፣ አይኢኤስኦ የሚባሉት፣ የሠለጠኑት ለእንዲህ ያለው ሰዓት ነው። ሆድ ሲከፈት ምክንያቱ በዓይን ይታያል፣ ሲቲ የሚያሳየውን እጅ ያገኘዋል። ብዙ አዋቂ ላይ ሕመሙ በትክክል የታወቀው ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ይሄም የሐኪም ጉድለት አይደለም።

ሕመሙ መጣ ሄደ የሚል ከሆነ፣ ሆዱ ለስላሳ ከሆነ፣ ፈስ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ጊዜ አለ። ሪፈር ተቀብሎ፣ ግሉኮስ ተደርጎለት፣ የአፍንጫ ቱቦ ገብቶለት፣ ሲቲና ሰርጀን ወዳለበት መሄድ ይሻላል። በተለይ ትልቁ አንጀት ከተጠረጠረ፣ የካንሰር ኦፕራሲዮን የለመደ እጅ ቢያገኘው ልዩነት አለው። ደም ሊያስፈልግ ስለሚችል ደም የሚሰጥ ዘመድ አብሮ ቢሄድ ጥሩ ነው።

መጠበቅ የሚቻለው መቼ ነው?

አንዳንድ ሰው ለሌላ ጉዳይ ሲቲ ተነስቶ «አንጀት አንጀት ውስጥ ገብቷል» የሚል ወረቀት ይሰጠዋል፣ እሱ ግን ምንም አይሰማውም። እዚህ ላይ አትደንግጡ። ትንሹ አንጀት ላይ ለአጭር ጊዜ ገብቶ በራሱ የሚወጣ ዓይነት አለ። የገባው ርዝመት ከ3.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ፣ ጫፉ ላይ እብጠት ከሌለ፣ አንጀቱ ካልተዘጋ፣ ሰውየውም ደህና ከሆነ መከታተል በቂ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ሆድ መክፈት ያለ ጥቅም ጠባሳ ማትረፍ ነው። ሲቲ በበዛ ቁጥር እንዲህ ያለው ግኝት ይበዛል።

አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ ወገኖች ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለክብደት ቅነሳ የጨጓራ ባይፓስ የተሠራ ሰው፣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን፣ አንጀቱ በተገጠመበት ቦታ ወደ ኋላ ሊገባ ይችላል። እነሱ ላይ ከባድ ቁርጠት ከመጣ «ይተዋል» ተብሎ አይጠበቅም። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራችሁ «ባይፓስ ተሠርቻለሁ» ይሁን።

አውጥቶ መመለስ ወይስ ቆርጦ ማውጣት?

ሰርጀኖች ራሳቸው ለረጅም ጊዜ የተከራከሩበት ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 እንግሊዛዊው ጆናታን ሃቺንሰን የ2 ዓመት ልጅ ሆድ ከፍቶ የገባውን አንጀት በእጁ አውጥቶ አዳነ፤ በዚህ ሕመም ከተሳኩት ቀዶ ጥገናዎች የመጀመሪያው ሆኖ ይጠቀሳል። አውጥቶ ወደ ቦታው መመለስ የሚለው ሐሳብ ከሕፃናት ነው የመጣው። ለሕፃን ነገሩ እዚያው ያልቃል። ለአዋቂ አውጥቶ ሆዱን መዝጋት ማለት ግን የጎተተውን ነገር እዚያው ጥሎ መውጣት ነው።

ትልቁ አንጀት ከሆነ ምክሬ ግልጽ ነው፣ አብዛኞቹ ሰርጀኖችም ይስማሙበታል፤ ሳይነካካ፣ እንደገባ፣ ባለበት ተቆርጦ ይውጣ። ትልቁ አንጀት ላይ ከሚገኙት ምክንያቶች በብዙ ጥናቶች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ካንሰር ናቸው። ካንሰር ያለበትን አንጀት መጭመቅና መጎተት ሴሎቹን ወደ ሆድ ወይም ወደ ደም ሥር ሊበትን ይችላል፣ የላላው ግድግዳም እጅ ላይ ሊቀደድ ይችላል። ሲቆረጥም እንደ ካንሰር ነው የሚቆረጠው፤ ከዕጢው በሁለቱም በኩል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ጤነኛ አንጀት፣ ከሊምፍ ዕጢዎቹ ጋር። «ለጥንቃቄ ብዙ ቆረጡበት» ብሎ የሚያዝን ቤተሰብ አለ። ትንሽ ቆርጦ ካንሰር ሲገኝ ሁለተኛ ሆድ መክፈት እንደሚከተል ቢነገራቸው ሐዘኑ ይቀላል ብዬ አምናለሁ።

ትንሹ አንጀት ሌላ ነው። እዚያ የሚበዛው ካንሰር ያልሆነ ምክንያት ነው፤ ካንሰር የሚሆነው በግምት ከሦስት አንዱ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ ከሌላ ቦታ የተዛመተ ነው። ስለዚህ አንጀቱ ቀለሙ ደህና ከሆነና ካልሞተ መጀመሪያ ቀስ ብሎ አውጥቶ፣ ከዚያ እብጠቱ ያለበትን ብቻ መቁረጥ ያዋጣል። ሲወጣም ከላይ አይጎተትም፤ ከታች በኩል ወደ ላይ እየተጨመቀ ይገፋል። ለምንድን ነው ለርዝመት የምንሳሳው? ትንሹ አንጀት ምግብ የሚወስደው አካል ነው። የአዋቂው ወደ 6 ሜትር ይሆናል፣ የቀረው ከ2 ሜትር ካነሰ የተበላውን ምግብ ሰውነት በአግባቡ አይወስድም። አንጀታቸው በሙሉ ፖሊፕ የሚያበቅልባቸው ሰዎች አሉ፣ ፔውትስ ጄገርስ በሚባለው የዘር ሕመም። እነሱ በሕይወታቸው ደጋግመው ሊከፈቱ ስለሚችሉ እያንዳንዷ ሳንቲ ሜትር ዋጋ አላት፤ ለእነሱ አውጥቶ፣ አንጀቱን ትንሽ ከፍቶ ፖሊፑን ብቻ መልቀም ይመረጣል። ምክንያቱ የድሮ ጠባሳ ከሆነና አንጀቱ ጤነኛ ከሆነ ደግሞ ጠባሳውን ማላቀቅ ብቻ ሊበቃ ይችላል።

የጠቆረ፣ የሞተ፣ የተበሳ አንጀት ላይ ምርጫ የለም። ትንሹም ይሁን ትልቁ፣ ይቆረጣል።

አንድ ልዩ ቦታ አለ። የትልቁ አንጀት መጨረሻ ወደ ፊንጢጣ ወርዶ ሲገባ ሳይወጣ ይቆረጥ ቢባል ሰገራ የሚይዘው ጡንቻም አብሮ ሊሄድ ይችላል፣ ያ ማለት ዕድሜ ልክ በሆድ በኩል መጸዳዳት ነው። እዚያ ላይ ሰርጀኑ በጥንቃቄ ወደ ላይ ለመመለስ ቢሞክር ተገቢ ነው፣ ሰውየው የሚያተርፈው ትልቅ ነገር ስላለ።

ሰፊው ቁስል ወይስ በካሜራ?

ላፓሮስኮፒ በትንንሽ ቀዳዳዎች ነው የሚሠራው። ሕመሙ ይቀንሳል፣ ሰውየው ቶሎ ይነሳል፣ የቁስል ችግርም ያነሰ ነው። ለተረጋጋ፣ ሆዱ ብዙ ላልተነፋ ሰው፣ ልምድ ያለው ሰርጀን ካለ፣ ደስ ይለኛል። ሆዱ ከተነፋ ግን ካሜራው የሚያይበት ቦታ አያገኝም፣ የተወጠረውም አንጀት በመሣሪያ ሲያዝ ሊቀደድ ይችላል። እጅ ገብቶ አንጀቱን ከላይ እስከ ታች መዳሰስም የሚቻለው በሰፊው ነው። እኛ አገር ላፓሮስኮፒው በብዛት ያለው በትልልቅ ከተሞች ነው። እሱን ፍለጋ ቀን ማሳለፍ አይገባም። በካሜራ ተጀምሮ ወደ ሰፊው ቢቀየርም «አልቻለበትም» አትበሉ፤ የቀየረው ለታማሚው ብሎ ነው።

መግጠም ወይስ ሆድ ላይ ማውጣት?

ከተቆረጠ በኋላ ሁለቱ ጫፎች ወዲያው ይገጠማሉ፣ ወይም አንደኛው ጫፍ ለጊዜው ሆድ ላይ ይወጣል፣ ኮሎስቶሚ የሚባለው። ትንሹ አንጀትና የቀኙ ትልቅ አንጀት አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይገጠማሉ። ጥያቄው የሚመጣው ግራው ላይ ነው፤ ሰገራ ከሞላ፣ አንጀቱ ከተበሳ፣ መግል ካለ፣ የሰውየው ደም ግፊት ወርዶ ከሆነ፣ የተሰፋው ቦታ በቀናት ውስጥ ሊለቅ ይችላል። መልቀቅ ማለት ሰገራ ሆድ ውስጥ መፍሰስ ነው፣ ይገድላል። በዚያ ሁኔታ ሆድ ላይ ማውጣቱን ተቀበሉ። ብዙ ጊዜ ከተወሰኑ ወራት በኋላ ተመልሶ ይገጠማል።

ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ሆድ ላይ ተለጥፎ ሰገራውን የሚይዘው ከረጢት ውድ ነው፣ ከከተማ ውጭ ማግኘትም ይቸግራል። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ለመሄድ፣ ከሰው ጋር ማዕድ ለመቅረብ የሚሳቀቅ ብዙ ነው። በጣም የሚጎዳው ግን ሳይነገረው ነቅቶ ሆዱ ላይ አንጀት ያየ ሰው ነው። ፊርማ ከመፈረሙ በፊት «ሆድ ላይ ሊወጣ ይችላል ወይ? ከወጣስ መቼ ይመለሳል? ከረጢቱን ከየት እናገኛለን?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም ታማሚው ራሱ ይስማ።

የተቆረጠው ነገር የት ደረሰ?

በብዙ ሆስፒታል ከተቆረጠው የተወሰደውን ናሙና፣ ምንነቱ በማይክሮስኮፕ ወደሚታይበት የፓቶሎጂ ላብራቶሪ የሚያደርሰው ቤተሰብ ነው። ታማሚው ሲነቃ በደስታው ይረሳል፣ ወይም ገንዘቡ አልቆ ይቀራል። እባካችሁ እንዳይቀር። ፎርማሊን ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ፣ ውኃ ውስጥ ከተቀመጠ ይበላሻል። ስምና የተቆረጠበት ቦታ ዕቃው ላይ ይጻፍ።

ውጤቱ ሊፖማ ካለ ጉዳዩ አብቅቷል። ቲቢ ካለ መድኃኒቱ በጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል፣ ቢያንስ ለ6 ወር ሳይቋረጥ ይወሰዳል። የትልቁ አንጀት ካንሰር ካለ ወረቀቱ ላይ ስንት የሊምፍ ዕጢ እንደታየ ፈልጉ፤ 12ና ከዚያ በላይ መሆኑ ይመረጣል፣ ስንቶቹ ላይ ካንሰር እንደተገኘ ደግሞ ኬሞ ያስፈልጋል ወይ የሚለውን ይወስናል። ሊምፎማ፣ የሊምፍ ሴሎች ካንሰር፣ ከሆነ ቀጣዩ ጉዞ ወደ ካንሰር ሐኪም ነው። ፔውትስ ጄገርስ ከሆነ ታማሚው ብቻ አይደለም የሚታየው፤ እያንዳንዱ ልጁ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፣ ስለዚህ ከንፈራቸው ላይ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ያሏቸውን ልጆች በተለይ፣ ገና ሳያማቸው ይዛችሁ ቅረቡ።